ከቀለበቱ ውስጥ የበቀሉት

ሚሊ የሚለው ስም የወጣላት በአንዲት ሚሊ ሜትር ምክንያት ነው። ገና ላቦራቶሪው ውስጥ በተቀጠረች ሰሞን ከአንድ ነባር ሠራተኛ ጋር በአንዲት ሚሊ ሜትር ስትከራከር ምሳ አለፋት፤ ከዚያ ወዲህ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውሱት እናቷና መታወቂያዋ ብቻ ናቸው። እሷም አልከፋትም። ሰው በጠባዩ ስም ሲወጣለት፣ ጠባዩ ክፉ እስካልሆነ ድረስ፣ ምን ይከፋዋል?

ሥራዋን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ከታመመ ሰው ቁስል ወይም ደም የተገኘ ባክቴሪያ በጠፍጣፋ ክብ ሳህን ውስጥ በረጋ ምግብ ላይ ይቀባል። በላዩ መድኃኒት የጠጣች ትንሽ ክብ ወረቀት ጣል ትደረጋለች። ሳህኑ በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ ያድራል። ጠዋት ሲወጣ ባክቴሪያው እንደ ጉም ሸፍኖታል፤ መድኃኒቱ ከሠራ ግን በወረቀቷ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቦታ ይቀራል። ይህን ቦታ ነው ቀለበት የሚሉት። ቀለበቱ ከሰፋ መድኃኒቱ ጎበዝ ነው፤ ከጠበበ ወይም ጭራሽ ከሌለ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ለምዶ ንቆታል ማለት ነው። ሚሊ ዕድሜዋን የቀለበት ስፋት ስትለካ የኖረች ሴት ናት።

ጎረቤቶቿ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ እንደምትሠራ እንጂ ምን እንደምትሠራ በቅጡ አያውቁም። ጉንፋን ሲይዛቸው በሯን ያንኳኳሉ፤ እሷም “ሙቅ ነገር ጠጡና ተኙ” ብላ ትሸኛቸዋለች። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ ገዝቶ ሲሄድ ያገኘችውን ሰው ግን መሐል መንገድ ላይ አቁማ ትቆጣለች። “ዛሬ ለጉንፋን የዋጥሽው፣ ነገ ሳንባሽን ሲያምሽ አላውቅሽም ይልሻል!” ትላለች። ስለዚህ የሠፈሩ ሰው ከሩቅ ሲያያት የመድኃኒት ከረጢቱን ኪሱ ይከታል። አንዳንዱማ መንገድ ይቀይራል።

ባሏ ቀለም ቀቢ ነው። ቤት ይቀባል፣ አጥር ይቀባል፣ ሥራ ሲጠፋ የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፋል። ጥፍሩ ሥር ቀለም የሌለበት ቀን የለም፤ ቀልድ የሌለበት ቀን ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። አንድ ቀን የአንድ ፎቅ ቤት የበረንዳ ጣሪያ ሲቀባ አንዲት ጥግ ቀረችው። መሰላሉን አውርዶ እንደገና ለመትከል ሰነፈና ተንጠራርቶ ሊደርስባት ሞከረ። መሰላሉ ከዳው። ሚሊ የተኛበት ድረስ ሮጣ ስትደርስ እንባዋ እየወረደ፣ “በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!” አለችው። እሱም ከንፈሩ በሕመም እየነጣ፣ “ጥጓ ግን አማረች” አላት።

የቀኝ እግሩ አጥንት ሁለት ቦታ ተሰብሮ ስለነበር በብረት ተጠገነ። አጥንቱ መግጠም ሲጀምር ቁስሉ መግል ቋጠረ። ባክቴሪያው ብረቱና አጥንቱ መሐል ጎጆውን ቀልሶ ተቀመጠ። የሚዋጠውም የሚወጋውም መድኃኒት ተራ በተራ ታዘዘ፣ ተራ በተራ ከሸፈ። የመጀመሪያውን የሳህን ምርመራ፣ ያለ እሷ ተነብቦ ካለቀ በኋላ፣ ሚሊም አየችው። በአንዷም ወረቀት ዙሪያ ቀለበት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጉሙ እያንዳንዷ ወረቀት ጫፍ ድረስ ተጠግቶ ተንጣሎ ነበር። የዚያን ቀን ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተቀምጣ ቀረች።

ባሏ ግን ለባክቴሪያውም ስም አወጣለት። “ደባሌ” ይለዋል። ሚሊ ጠዋት ጠዋት የተኛበት ሆስፒታል ቁስሉን ልታጥብ ስትመጣ፣ “ደባሌ ዛሬ እንዴት አድሯል በይው” ይላታል። “ማን ጋበዘው? ማን ፈረመለት? እንዲያው ገብቶ ተዘርፍጦ ውጣ ሲሉት መስማት የተሳነው ይመስላል!” እሷ ትስቃለች። ሳቋ ግን ከጉሮሮዋ በታች አይወርድም ነበር።

የአጥንት ሐኪሙ ነገር ማለባበስ የማይወድ ሰው ነው። አንድ ቀን ባልና ሚስቱን አንድ ላይ አድርጎ ተናገራቸው።

“መግሉ ወደ ደም ከገባ የምናጣው እግሩን ብቻ አይደለም። ስለዚህ ከጉልበቱ በላይ መቁረጥ አለብን። ከዚያ በፊት የምንሞክረው አንድ ነገር ቀርቶልናል፤ እሱም እናንተ ላቦራቶሪ ያለው አዲሱ መድኃኒት ነው። አማራጭ ላጣ ሕመምተኛ እንዲሰጥ ልዩ ፈቃድ ማግኘት ይቻላል። መጀመሪያ ግን የሱ ባክቴሪያ በሳህን ላይ መሸነፉን ማረጋገጥ ይኖርባችኋል። ከተሸነፈ መድኃኒቱን እንጀምራለን። ካልተሸነፈ ሳልውል ሳላድር እቆርጣለሁ።”

ባሏ ሚሊን አያት። “እንግዲህ ደባሌ አንቺ እጅ ገባልሽ” አላት። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

አዲሱን መድኃኒት የላቦራቶሪው ሰዎች “ሙሽራው” ነው የሚሉት። ከዚህ በፊትም ብዙ ሙሽሮች መጥተዋል። አንዱ ባክቴሪያውን ይገድልና ኩላሊት ያበላሻል፤ ሌላው ሳህን ላይ ጀግና ሆኖ ደም ውስጥ ሲገባ ይልፈሰፈሳል። ሁሉም ደጅ ደርሰው ተመልሰዋል። ይኼኛው ግን በየሳምንቱ ሰፋፊ ቀለበት ሲያሳይ ስለቆየ ሁሉም ልቡን ሰጥቶታል። ከሁሉም በፊት ልባቸውን የሰጡት ጋሽ መነጽር ናቸው። “የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኛ ግን ዘንድሮ መልካም ሙሽራ ነው የገጠመን” ይላሉ።

ጋሽ መነጽር የቤቱ አንጋፋ ናቸው። ያቺን ሚሊ ሜትር ሚሊ የተከራከረቻቸው እሳቸውን ነበር፤ ተሸንፈው ምሳ የጋበዟትም እሳቸው ናቸው። ሳህን ማንበብ ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። “ቀለበቱን ከላይ ያየ ሰው ግማሹን ነው ያየው” እያሉ ሳህኑን ጥቁር ጨርቅ ላይ አድርገው፣ መብራቱን ከጎን አስጠግተው፣ ዘንበል ማድረግን አሳይተዋታል። እንዲያ ሲሆን ከላይ የማይታይ ነገር ይታያል።

አሁን ግን ዓይናቸው ደክሟል። መነጽራቸው ሁለቴ ወፍሯል፤ በደረጃ ሲወርዱ በእግራቸው እየዳሰሱ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ አንድም ሰው አይናገርም። ጡረታቸው ደርሷል። ይህን ሁሉ ዘመን ያገለገለን ሰው፣ መውጫው ላይ “ጋሼ፣ አያዩምኮ” የሚል አንደበት ከየት ይመጣል? ይሉኝታ ክፉ እንግዳ ነው፤ ደግነትን ለብሶ ይገባል፣ ከገባ በኋላ የሚያስወጣው የለም።

ደግሞም እስከዚያ ቀን ድረስ የጎዳው ነገር አልነበረም። ላቦራቶሪው ውስጥ የማይጣስ ወግ አለ። እያንዳንዱ ሳህን ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የምታውቀው ኃላፊዋ ብቻ ናት። አንዱን ሳህን ሁለት ሰው ያነበዋል፤ ሚሊና ጋሽ መነጽር። ተራ በተራ ይገባሉ፣ እርስ በርስ አይነጋገሩም፣ ያዩትን ለኃላፊዋ ለየብቻ ይናገራሉ። ሁለቱ ከተለያዩ የሚጸናው መድኃኒቱን የሚጥለው ንባብ ነው። ስለዚህ ጋሽ መነጽር ያመለጣቸውን ሚሊ ታየዋለች፣ ነገሩም ያለ ሐሜት ይቃናል።

ሌላም ወግ አለ። አንባቢው በሆነ ምክንያት ሳህኑ የማን እንደሆነ ካወቀ፣ ማስመሪያውን ያስቀምጥና ይወጣል። ለምን ወጣህ ተብሎ አይጠየቅም። የቀረው ሰው ብቻውን ሁለት ጊዜ ያነባል፤ ንባቡም ይጸናል። ይህን ወግ ያወጡትም ጋሽ መነጽር ናቸው ይባላል። ዘመድ ለዘመዱ አይፈርድም ብለው።

የንባቡ ጠዋት ሚሊ ማንም ሳይመጣ ደረሰች። የጠረጴዛዎቹን ገጽ በአልኮል ወለወለች፤ ተወልውሎ የነበረውንም ደገመችው። ኃላፊዋ የሚሞቀውን ሳጥን ከፍታ ሳህኖቹን እንደየቁጥራቸው ደረደረችና ወደ ቢሮዋ ገባች። ሚሊ ወንበሯን ስባ መለካት ጀመረች። ሁለቱን አነበበች። ሦስተኛውን ስትከፍት አፍንጫዋ ቀድሟት አወቀ። ከመጠን በላይ የበሰለ ፍሬ የሚመስል ጣፋጭ ሽታ ወጣ፤ የባሏን ቁስል ስታጥብ ከፋሻው የሚወጣው ያው ሽታ።

ይህ ዓይነት ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ ይሸታል፣ የሱ ላይሆን ይችላል ብላ ራሷን ልታታልል ሞከረች። ግን ዓይኗም አወቀው። የባሏ ባክቴሪያ ጠርዙ የተተለተለ፣ ላዩ እንደ አዲስ ቆርቆሮ የሚያብለጨልጭ ነው። በየቀኑ ባክቴሪያ ለሚያይ ሰው ባክቴሪያም መልክ አለው። ደባሌ ነበር።

ያን ጊዜውኑ ማስመሪያውን አስቀምጣ መውጣት ነበረባት። ግን ማን ይወጣል? ዓይኗ ቀለበቱ ላይ አረፈ። ቀለበቱ ሰፊ ነበር! በዚህ ባክቴሪያ ላይ ሰው ሠራሽ ነገር ሁሉ ሲያፍር ስታይ ለኖረች ሴት፣ ያ ጥርት ያለ ሜዳ ዝናብ ያባራበት ሰማይ መሰላት። ተመስገን አለች፣ ድምፅ አውጥታ። ባሏ በሁለት እግሩ በሩን ሲከፍት፣ ባልዲውን አንጠልጥሎ ሲወጣ፣ ሁሉንም በአንዴ አየችው።

ከዚያ እጇ ልማዱን አደረገ። ጥቁሩን ጨርቅ ሳበች፣ መብራቱን ከጎን አስጠጋች፣ ሳህኑን ዘንበል አደረገች።

ከቀለበቱ ውስጥ፣ ወደ ጠርዙ ጠጋ ብለው፣ የመርፌ ጫፍ የማያህሉ ነጥቦች ነበሩ። አቧራ ይሆናሉ ብላ ትንፋሿን ያዘች። ሳህኑን አዙራ አየች። በዚያም በኩል ነበሩ። አቧራ አልነበሩም። መድኃኒቱ በተቀመጠበት ምድር ላይ፣ ሌላው ሁሉ ሲያልቅ የበቀሉ ነበሩ።

ሚሊ ትርጉሙን ከማንም በላይ ታውቃለች። መድኃኒቱ ከቁጥር በላይ የሆነውን ገድሏል፤ ጥቂቶቹን ግን አልነካቸውም። ዛሬ ጥቂት ናቸው። ጓደኞቻቸው ሲሞቱላቸው ሜዳው የእነሱ ይሆናል፤ የሚወልዱትም እንደነሱ መድኃኒቱን የሚንቅ ብቻ ነው። በወጉ መሠረት እንዲህ ያለ ሳህን ቀለበቱ የቱንም ያህል ቢሰፋ “መድኃኒቱ አልሠራም” ተብሎ ነው የሚነበበው።

ማስመሪያውን አስቀምጣ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ዕቃ ማጠቢያ ክፍሉ አጠገብ ረዥም የእንጨት መቀመጫ አለ። እዚያ ተቀመጠች። ከውስጥ የሚቀቀለው ዕቃ እንፋሎት መስተዋቱን አጨልሞት ነበር። ጋሽ መነጽር እየዳሰሱ መጡና ሲያዩዋት ቆም አሉ። ለምን እንደወጣች ገባቸው፤ ወግ ነውና ምንም አላሉም። ገብተው በሩን ዘጉ።

እንግዲህ ሚሊ ምን ቀራት? ወጉን አክብራለች። የባሏን ሳህን አላነበበችም። ጋሼ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያነባሉ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሰፊውን ቀለበት ያያሉ፣ ነጥቦቹን ግን አያዩም። ውጤቱ ይጸናል፤ ነገ መድኃኒቱ ይጀመራል፤ እግሩም አይቆረጥም። ማንም ሰው “ሚሊ ዋሸች” ሊል አይችልም። እሷ እኮ የለችበትም! እዚህ ተቀምጣለች! ሕግ አክብሮ መዋሸት እንደሚቻል እስከዚያ ቀን ድረስ አስባው አታውቅም ነበር። አሁን ተመቻችቶ ቀርቦላት ስታገኘው ፈራች። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ከፍርሃቱ ይልቅ ደስታው ይበልጥ ነበር።

ስልኳ ጮኸ። ባሏ ነው።

“እህ፣ ደባሌ ምን አለ?”

“ገና ነው፣ አልተነበበም።”

“ድምፅሽ ምን ሆነ?”

“ምንም። ኮሪደር ላይ ስለሆንኩ ነው።”

“ሐኪሙ ጠዋት መጥቶ ነበር። ከሰዓት እመለሳለሁ ብሏል።” አለና ቀጠለ። “እኔኮ አልፈራም። ብቻ ሌሊት እግሬን ስነካው... አለ አይደል፣ የኔ ነው። ሙቅ ነው። ይኼ ነገር የሚቆረጥ አይመስልም።”

“ደውዬ እነግርሃለሁ” አለችና ዘጋች። ለቅሶዋ እንዳይሰማ አፏን በእጇ ያዘች።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ መነጽር ወጡ። መናገር ክልክል ነው፤ ግን ፊታቸው በርቶ ነበር። በአጠገቧ ሲያልፉ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓትና ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ሄዱ። ሚሊ ያ እጅ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ቀና ብላ ማየት አቃታት።

መድኃኒቱ ቢሰጠው ምን እንደሚሆን አሰበች። ሳምንት ያህል ትኩሳቱ ይወርዳል፣ መግሉ ይቀንሳል። አማቷ ይደውላሉ፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ባሏ ይቀልዳል። እሷም በየማለዳው ፋሻውን ትፈታና ቁስሉን እያጠበች፣ ውስጡ ማን እየተራባ እንዳለ እያወቀች፣ “ተሽሎሃል” ማለት ይኖርባታል። አንድ ቀን ደሙ ውስጥ እስኪገባ ድረስ። ሌላውን ሁሉ መሸከም ትችል ይሆናል። “ተሽሎሃል” የሚለውን ቃል ግን በአፏ ስትሞክረው አልወጣ አላት።

ተነሳች። የኃላፊዋን በር አንኳኳች።

ኃላፊዋ ከወረቀቷ ቀና አለች። ጋሽ መነጽር አጠገቧ ቆመዋል። “አውቀሽው አይደል የወጣሽው? እንግዲያው ያንቺ አይቆጠርም፣ አንቺው ታውቂዋለሽ” አለቻት በለሆሳስ።

“አይቆጠር፣ ዶክተር። አልከራከርም። ግን ተነሺና ሳህኑን አንቺ ራስሽ እይው።”

“ጋሼ ሁለቴ አንብበውታልኮ። ሰፊ ነው፣ ጥርት ያለ ነው።”

“ሰፊ ነው” አለች ሚሊ። “ጥርት ያለ ግን አይደለም።”

ጋሽ መነጽር ፊታቸው ተለወጠ። ሦስቱም ተከታትለው ወደ ላቦራቶሪው ገቡ። ሚሊ ጨርቁን አነጠፈች፣ መብራቱን ከጎን አደረገች፣ ሳህኑን ዘንበል አድርጋ ያዘችላት። ኃላፊዋ ጎንበስ አለች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ ተነፈሰችና ለጋሽ መነጽር ቦታ ለቀቀች። “እስቲ ጋሼ” አለች።

ጋሽ መነጽር ጎንበስ አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በጋዋናቸው ጠርዝ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። አፍንጫቸው ሳህኑን እስኪነካ ተጠጉ። ሚሊ በልቧ፣ ‘አየኋቸው ይበሉና ይለፍልን’ እያለች ነበር። የዚያን ቀን ምኞቷ ሁሉ እንዲህ ጠማማ ሆኖባታል።

“አላያቸውም” አሉ ጋሽ መነጽር። ቀጥ ብለው ቆሙ። “ይህን ሳህን ብቻ አይመስለኝም። ከመቼ ጀምሮ እንደማላይ እናንተ ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ። ዝም ስላላችሁኝ ዝም አልኩ።” ወደ ሚሊ ዞሩ። “የሱ ነው?”

“አዎ ጋሼ።”

“ወይኔ ልጄን!” አሉና ደረታቸው ላይ አስጠጓት። ማስመሪያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ከዚያን ቀን በኋላ ሳህን አላነበቡም።

ወጉ እንዳይፈርስ ኃላፊዋ ሚሊን ከነገሩ አስወጥታ ሥራውን ራሷ ያዘችው። ነጥቦቹን በቀጭኗ ሽቦ ነክታ በአዲስ ሳህን ላይ ቀባቻቸው፣ የሙሽራውን ወረቀት ጣለችባቸው፣ አሳደረቻቸው። በማግስቱ ሚሊን ጠርታ ከሩቅ አሳየቻት። ማስመሪያ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም፤ ጉሙ እስከ ወረቀቷ ጫፍ ድረስ ሞልቶት ነበር። ሙሽራውም እንደቀደሙት ሁሉ ወደ ሠሪዎቹ ተመለሰ፣ ለብቻው ካልቻለ ከሌላ መድኃኒት ጋር ይሞከር ተብሎ። ኃላፊዋ ለአጥንት ሐኪሙ ልትደውል ስልኩን ስታነሳ ሚሊ እጇን ያዘቻት።

“ለሐኪሙ ንገሪው። ለባሌ ግን እኔ ነኝ የምነግረው።”

ነገረችው። ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጣ፣ እጁን ይዛ፣ ሳታስረዝም ነገረችው። ቀለሙ ያልለቀቀውን አውራ ጣቱን ያየዋል።

“ማነው ያየው?” አላት።

“እኔ።”

“ሌላ ሰው አላየውም ነበር?”

“አላየውም ነበር።”

“ዝም ብትዪስ?”

“መድኃኒቱ ይሰጥህ ነበር።”

“እና ለምን...” ከትራሱ ቀና አለ። “ሌላው አያይ፣ አንቺ ምን አለበት ባታዪ? አንድ ቀን! አንዲት ቀን አላይም ብትዪስ?”

“ይገድልህ ነበር።”

“አንቺ እንደምትዪው።”

“እኔ እንዳየሁት።”

እጁን ከእጇ አወጣ። “እኔ ባልሽ ነኝ ወይስ ሳህንሽ?”

ሚሊ አለኝ ብላ የምታስበው መልስ ሁሉ የላቦራቶሪ መልስ ነበር። ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። እስከ ቀዶ ጥገናው ድረስ ውሃ ስጪኝ፣ መስኮቱን ዝጊው ከማለት በቀር አላነጋገራትም። ቀልደኛ ሰው ሲያኮርፍ ቤቱ እንዴት እንደሚበርድ ያየ ያውቀዋል። እሷም አልለመነችውም፤ ያጠፋችው ነገር እንደሌለ ታውቃለች፤ እንዳጠፋ ሰው ግን አንገቷን ደፍታ ትመጣለች፣ ትሄዳለች። የሌሎቹን ሕመምተኞች ሳህን ስትለካም ያቺ ጥያቄ ከማስመሪያው ጫፍ ላይ አትወርድላትም ነበር።

እግሩ ተቆረጠ። ቀዶ ጥገናው መልካም ነበር፤ ትኩሳቱም ወረደ፣ ደሙም ንጹሕ ሆነ። ሐኪሙ ሲወጣ ለሚሊ፣ “ከአጥንቱ ውስጥ ያየሁትን ባሳይሽ... ጥቂት ቀን ብንዘገይ ኖሮ አይተርፍም ነበር” አላት። ለባሏ ተነግሮት እንደሆነ አልጠየቀችም። ይነገረው ብላም አልጠየቀችም።

አማቷ ከሩቅ አገር ሲደርሱ ልጃቸው ነቅቶ ነበር። ከበሩ ጀምሮ እያለቀሱ ገቡ። ብርድ ልብሱ በቀኝ በኩል ከጉልበት በላይ ጠፍጣፋ ሆኖ መቅረቱን ሲያዩ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። ሚሊ በአንድ እጇ የውሃ ብርጭቆ ይዛ ከራስጌው ቆማለች።

“እንዲህ ያለ ነገር ይደረጋል?” አሉ አማቷ። “አዲስ መድኃኒት መጥቷል ሲባል አልነበር? ስልክ ላይ ተሻለው ልትሉኝ ስጠብቅ! ማነው አይሠራም ያለው? የትኛው ጨካኝ ነው ያንን የጻፈው?”

“እማማ...” አለች ሚሊ። ቀጥላ ልትነግራቸው ነበር።

“እጁ ይቆረጥ!” አሉ አማቷ ደረታቸውን እየመቱ። “ልጄን እንዳጎደለብኝ እጁን ቁርጥ ያድርገው!”

ከሚሊ ብርጭቆ ውሃው ብርድ ልብሱ ላይ ፈሰሰ።

“እማዬ” አለ ባሏ። ድምፁ የሻከረ ነበር። “ያንን እጅ አትርገሚብኝ።”

“ለምን አልረግመው? ምን ሠራልህና?”

“አትርገሚብኝ አልኩሽ። ያስፈልገኛል።” ከዚያ ክንዱን ወደ ሚሊ ዘረጋ። ስንት ቀን ግድግዳ ሲያዩ የከረሙት ዓይኖቹ እሷ ላይ ነበሩ። “ነይ፣ ቀና አድርጊኝ። ጀርባዬ ዛለ።”

ሚሊ ብርጭቆውን አስቀምጣ ያዘችው። ይቀላል ብላ ነበር፤ አልቀለላትም። አማቷ ከልጃቸው ወደ ምራታቸው እጅ፣ ከእጇ ወደ ፊቷ ተመለከቱ። የረገሙት የማንን እጅ እንደሆነ ገባቸው። ከዚያ ተነስተው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና በሌላው በኩል ደገፉት።